ብስክሌት ፖርቶመጋላ ላይ

ብስክሌት ይዞ አገር አቋራጭ አውቶቡስ መሳፈር ብዙ ጣጣ የለውም። ከረዳቱ ጋር ዋጋ ይነጋገራሉ፣ ጫኞቹ ጣሪያው ላይ ወዳለው ፖርቶመጋላ ያወጡታል፣ በገመድ ይታሰራል፤ አለቀ። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ብስክሌቱን ፈታትቶ ካርቶን ውስጥ ሲያሽግ፣ የእኛ መንገደኛ መናኸሪያ እንደወረደ ተፈናጥጦ ይሄዳል። ፖርቶመጋላን ግን ማንም አያመሰግነውም።

እኔን የሚያበግነኝ «ጎማውን አስተንፍሱት፣ ዳገት ላይ ይፈነዳል» የሚለው ምክር ነው። ባሕር ዳር አንድ ረዳት ጣሪያ ላይ ቁጢጥ ብሎ የብስክሌቴን ቫልቭ ሲፈታ ደረስኩበት። «ጋሼ፣ ዓባይ በረሃን ስንወጣ ጉድ ይሆናል!» አለኝ።

እስቲ እናስላው። የዓባይ ድልድይ አካባቢ ከፍታው 1100 ሜትር ገደማ፣ ዳገቱ አናት ላይ ያለችው ጎሃ ጽዮን ደግሞ 2500 ገደማ ነው። በዚህ ሁሉ ዳገት የውጪው አየር ግፊት የሚቀንሰው 2 ፒኤስአይ ያህል ብቻ ነው። 50 የተነፋው ጎማ 52 ሆነ ማለት ነው፤ ጎሚስታ በአውራ ጣቱ ቢጫነው አይለየውም። ፀሐይዋ ትብሳለች፤ ጎማው ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ቢግል 6 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ልክ አሳልፈው ካልነፉት እሱም አያሰጋም።

ወሬው የመጣው ከከባድ መኪና ይመስለኛል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ሙቀቱ ወደ ጎማው ያልፋል፤ እዚያ መፈንዳት አለ። ጣሪያ ላይ የታሰረ ብስክሌት ግን ምን ፍሬን ይይዛል? ይልቅ የተነፈሰ ጎማ ነው የሚጎዳው። ብስክሌቱ ቆሞ ከታሰረ መኪናው በነጠረ ቁጥር ቸርኬው የፖርቶመጋላውን ብረት ይመታል፤ ካላማዳሪያው መሃል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል።

ብስክሌቱ የሚጋደም ከሆነ ካቴና ያለበት ቀኝ ጎኑ ወደ ላይ ይሁን። የኋላ ማርሽ መቀየሪያውን የያዘችው ቁራጭ ብረት በቀላሉ ትጎብጣለች፤ ከዚያ በኋላ ማርሹ ልክ አይገባም። ገመዱን በፍሬን ሽቦ ላይ የሚጠመጥሙ ሰዎችንስ ምን ልበላቸው? ጠንካራው የብስክሌቱ አካል እያለ! የሽንኩርት ጆንያም ከላዩ አይጫንበት።

መንገድ ላይ የሚወርዱ ከሆነ ደግሞ ሳይጫን በፊት ለረዳቱ ይንገሩት። የደጀን መንገደኛ ብስክሌት ከአዲስ አበባ ዕቃ ሥር ከተቀበረ፣ ፍለጋው እስኪያልቅ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ሲነጫነጭብዎት ይቆያል።