የነርቭ ሕዋስ ፍሪሲዮን

የፅንስ አንጎል ሲሠራ እያንዳንዱ የነርቭ ሕዋስ አክሶን የሚባል ቀጭን ክር አውጥቶ ወደሚገናኘው ሕዋስ ይልካል። መንገዱን የሚፈልገው የክሩ ጫፍ ነው። ይህን ሰፋ ያለ፣ ዕረፍት የማያውቅ ጫፍ ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል እ.ኤ.አ. በ1890 ገልጾታል። ወደፊት የሚያስኬደው ኃይል ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ግን ብዙ ዓመታት ፈጅቷል።

ጫፉ ውስጥ አክቲን የተባለ ፕሮቲን እየተያያዘ 7 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው ክሮች ይሠራል። ክሮቹ ከፊት በኩል ይረዝማሉ፤ ማዮሲን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ደግሞ ከኋላ ሆኖ ይጎትታቸዋል። የተሠራው ሁሉ ወደኋላ ስለሚሳብ ጫፉ ይህን ያህል እየለፋ ካለበት ፈቀቅ አይልም። ለሾፌር ነገሩ አዲስ አይደለም፦ ሞተሩ እየጮኸ ፍሪሲዮን ከተረገጠ መኪናው አይሄድም። ቲም ሚቺሰንና ማርክ ኪርሽነርም እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረቡት መላ ምት ይኸው ነበር፤ የሕዋሱ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ የአክቲኑ ጉዞ ከውጭው መሬት ጋር ይያያዛል፣ ጫፉም ይራመዳል።

ከውጭ የሚይዘው አጣባቂ ፕሮቲን ነው። ከእነዚህ አንዱ ኤል1 ነው። ኤል1 የሕዋሱን ሽፋን በስቶ የሚያልፍ ሲሆን ትልቁ ክፍሉ ከውጭ ሆኖ የጎረቤት ሕዋስን ኤል1 ይጨብጣል፤ ወደ ውስጥ የምትገባው ግን አጭር ጭራ ናት። አክቲንን በቀጥታ የምትይዘው እሷ አይደለችም፤ መሃል ላይ አገናኝ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በጃፓኑ ናራ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያሉ ተመራማሪዎች ሹቲን1 የተባለውን ፕሮቲን አስተዋወቁ። በኋላ እንደታየው ሹቲን1 በአንድ በኩል ኤል1ን፣ በሌላው ኮርታክቲንን ይይዛል፤ ኮርታክቲን ደግሞ አክቲንን። ኔትሪን የተባለው መንገድ አመልካች ከውጭ ሲደርስ ሹቲን1 ላይ ፎስፌት ይለጠፍና ግንኙነቱ ይጠብቃል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ መሪውና ፍሪሲዮኑ የሚታዘዙት በአንድ መልእክት ነው።

መድረሻው ላይ የደረሰ አክሶን ጉዳዩ መሄድ ሳይሆን መጽናት ነው። ስለዚህ ኤል1 ሌላ ወዳጅ ይይዛል፤ አንኪሪንን። አንኪሪን ስፔክትሪንን፣ ስፔክትሪን አክቲንን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2013 የሃርቫርዷ ሺያውዌ ዡዋንግ ቡድን እጅግ ረቂቅ በሆነ ማይክሮስኮፕ አክሶን ውስጥ ተመልክቶ፣ አክቲን ቀለበት ሠርቶ፣ ቀለበቶቹም 190 ናኖሜትር ገደማ እየተራራቁ በስፔክትሪን ተያይዘው አገኘ። ሲ. ኤሌጋንስ በምትባለው ትንሽ ትል ላይ ስፔክትሪን ሲጎድል አክሶኖቿ በገዛ እንቅስቃሴዋ ይበጠሳሉ፤ ሽባ ሆና መንቀሳቀስ ካልቻለች ግን አይበጠሱም።

አንኪሪን ኤል1 ላይ የሚያርፈው በጣም ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ኤል1 የተሠራው ከ1257 አሚኖ አሲዶች ሲሆን የውስጧ ጭራ 114 ያህል ብቻ አላት። አንኪሪን አጥብቆ ከሚፈልጋቸው ጥቂቶች አንዱ 1229ኛው፣ ታይሮሲን ነው። እሱ ላይ ፎስፌት ሲለጠፍ አንኪሪን ይለቅቃል፣ ኤል1ም በሽፋኑ ላይ እንደልቡ ይንሸራተታል። ፎስፌቱ ሲነሳ መልሶ ይያዛል።

የኤል1 ዘረመል ያለው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ወንድ ልጅ ኤክስ ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ ዘረመሉ ሲበላሽ ሕመሙ የሚጠናው በወንዶች ላይ ነው፤ ጭንቅላት ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ አውራ ጣት ወደ መዳፍ ይታጠፋል፣ እግር ይገተራል፣ የአእምሮ እድገት ይዘገያል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የውጭውን ክፍል የሚነካ ነው። በአንዳንድ ሕሙማን ላይ ግን የውጭው ክፍል ጤነኛ ሆኖ የተለወጠው ያው 1229ኛው ብቻ ነው፤ በታይሮሲን ፈንታ ሂስቲዲን ገብቶበታል። ተመራማሪዎች ይህንኑ ለውጥ አይጦች ላይ አስገብተው ሲያዩ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄዱ አክሶኖች ከተመደበላቸው ቦታ ወደ ጎን ስተው አረፉ።