ድመቷ ከእኛ በፊት የማን ነበረች?

ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ ባለው መንገድ ዳር፣ በጊንጪም በአምቦም በጉደርም በጌዶም፣ ጤፍና ስንዴ በጎተራ ወይም በጆንያ የሚቀመጥበት ቤት አይጥ አያጣም። አይጥ ያለበት ቤት ደግሞ ድመት ይፈልጋል። ድመት የምናገኘው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የጎረቤት ድመት ስትወልድ ከግልገሎቿ አንዷን ለምኖ መውሰድ ነው። የዚህችን ታሪክ እናውቃለን፤ እናቷንም የተወለደችበትን ጓዳም እናውቃለን። ሁለተኛዋ ሳንጠራት የምትመጣዋ ትልቅ ድመት ናት።

አንድ ቀን የማድቤቱ ጣሪያ ላይ ትታያለች። በሦስተኛው ቀን የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ትገኛለች። ሳምንት ሳይሞላ ምድጃው አጠገብ ተጠቅልላ ትተኛለች። "ነይ" ያላት የለም፣ "ሂጂ" ብሎ ያባረራትም የለም። ወር ሲሞላ ልጆች ስም አውጥተውላት የቤቱ ሆናለች። ከዚያ አንድ ምሽት ከልጅ ልጆች አንዱ፣ "አያቴ፣ ይቺ ድመት ድሮ የት ነበረች?" ብሎ ይጠይቃል።

አያት መልስ የላቸውም። እናትና አባትም እንዲሁ። ጥያቄው ግን የልጅ ጥያቄ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ድመቷ ባለቤቷ የሚፈልጋት ልትሆን ትችላለች። በሽታ ይዛ መጥታ ሊሆንም ይችላል። ትናንት እንዴት ኖራለች ብለን ማሰባችን ደግሞ ዛሬ እንዴት እንደምንይዛት ይወስናል።

ዓመሏ የሚናገረው

አባቶች "ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ" ይላሉ። ተረቱ የሚነገረው ለትችት ነው። ትልቅ ሆና ለመጣች ድመት ግን ጥሩ መመርመሪያ ይሆናል፤ ካለፈው ኑሮዋ ይዛ የመጣችው ዓመሏን ብቻ ነውና።

የመጀመሪያው ምልክት ድምፅዋ ነው። ትልልቅ ድመቶች እርስ በርሳቸው "ሚያው" የሚባባሉት ከስንት አንዴ ነው። ግልገሎች እናታቸውን ለመጥራት እንዲህ ይጮኻሉ፤ ካደጉ በኋላ ግን ይህን ድምፅ በአብዛኛው የሚያሰሙት ለሰው ነው። ደጃፋችን ቆማ ዓይን ዓይናችንን እያየች "ሚያው" የምትል ድመት፣ ስትጮህ በር የሚከፍትላት ሰው እንደነበራት መገመት ይቻላል። ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ወደ ሰው የምትመጣዋም እንዲሁ ናት፤ ይህ የድመቶች የወዳጅነት ሰላምታ ነው። እቅፍ ላይ ወጥታ በፊት እግሮቿ ጋቢያችንን እንደ ሊጥ የምታሸዋ ደግሞ የእናቷን ጡት ስትጠባ የነበራትን ልማድ እየደገመች ነው። ይህን የምታደርገው ስጋት በማይሰማት ቦታ ነው። እንደዚህ ያለች ድመት ስትመጣ፣ ከእኛ በፊት ስሙን የማናውቀው አንድ ደግ ሰው ነበራት ብንል ብዙም አንሳሳትም።

ሁለተኛው ምልክት ቋንቋዋ ነው። በእኛ አካባቢ ይህ ለልጆችም ቀላል ፈተና ነው። መጀመሪያ በአማርኛ "ውሮ፣ ነይ" በሏት። ትንሽ ቆይታችሁ በአፋን ኦሮሞ "አዱሬ፣ ኮቱ" በሏት። ጆሮዋ የዞረው በየትኛው ነው? ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ ድመቶች የራሳቸውን ስም ተመሳሳይ ርዝመት ካላቸው ሌሎች ቃላት እንደሚለዩ አሳይተዋል። የድሮ ስሟን በግምት ማግኘት ይከብዳል። የለመደችውን አጠራር ግን ልናገኘው እንችል ይሆናል።

ሦስተኛው ምግቧ ነው። እንጀራ በሽሮ ሲቀርብላት ሳታመነታ የምትበላ ድመት ሁዳዴን ከሚጾም ቤት ወጥታ ሊሆን ይችላል። ቢላዋ ሲሳል ሰምታ ከእንቅልፏ የምትነሳዋ በሥጋ ቤት ደጃፍ ያደገች ብትሆን አይገርምም። ጀበና ሲጣድ ረከቦቱ አጠገብ ቦታ የምትይዘዋ ደግሞ ቡናውን ፈልጋ አይደለም። ቡና ሲፈላ ሰው እንደሚሰበሰብ፣ ሰው ሲሰበሰብም እቅፍ እንደማይጠፋ ታውቃለች።

ዕድሜዋን ማወቅ ግን ያስቸግራል። የድመት የወተት ጥርስ ስድስት ወር ገደማ ሲሆናት በቋሚ ጥርስ ተተክቶ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የእንስሳት ሐኪም እንኳ ከጥርሷ መበለዝና መበላት ተነስቶ የሚነግረን ግምት ነው። ሦስትም አምስትም ዓመት ልትሆን ትችላለች።

ሁሉን ነገር ግፍ አናድርገው

መጥረጊያ ሲነሳ የምትሸሽ ድመት ስናይ "ምስኪን፣ ሲደበድቧት ኖረው ነው" እንላለን። ሊሆን ይችላል፤ የግድ ግን አይደለም። ግልገል ድመት ሰውን የሚለምድበት ዋናው ጊዜ በተወለደ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ያለው ነው። በእነዚያ ሳምንታት የሰው እጅ ያልዳሰሰው ግልገል፣ ማንም ሳይመታው፣ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሊፈራ ይችላል። የአባት ጠባይም ወደ ልጆቹ እንደሚተላለፍ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ግልገሎቹ አባታቸውን አይተውት ባያውቁ እንኳ። ስለዚህ የድመቷ ፍርሃት የዱላ ትዝታ ሳይሆን ጎተራ ሥር ተወልዳ ሰው ሳታይ የማደጓ ውጤት ሊሆን ይችላል።

ጉደር በሚገኘው የአክስቴ ቤት ትልቅ ሆና የመጣች ግራጫ ድመት አለች። ከሰዓት በኋላ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ወደ ውጭው በር ሄዳ መንገድ መንገዱን እያየች ትቀመጣለች። ጥቂት ቆይታ ትመለሳለች። አክስቴ "ከሥራ የሚመለስ ሰው ነበራት" ትላለች። ልጇ ደግሞ "የበሩ ድንጋይ በዚያ ሰዓት ስለሚሞቅ ነው" ትላለች። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ድመቷም የማንኛቸውንም አላረጋገጠችም።

የማናውቀውን ታሪክ በግምት መሙላት የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በአገራችን ስም በዓለም የታወቀች አንዲት ድመት ላይም ይኸው ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1868፣ ማለትም በ1860 ዓ.ም.፣ የመቅደላ ጦርነት ሲያበቃ የእንግሊዝ ጦር ወደ አገሩ ተመለሰ። በዚያው ጊዜ ዙላ የተባለች ድመት እንግሊዝ እንደገባች፣ የወሰዷትም የካፒቴን ባሬት ሌናርድ ባለቤት እንደሆኑ ይነገራል። ስሟ ጦሩ ከመርከብ ከወረደበት የቀይ ባሕር ዳርቻ ስም ጋር አንድ ነው። ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1874 ስለ ድመቶች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሥዕሏ ወጣ። ዛሬ "አቢሲኒያን" የሚባለው ዝነኛ የድመት ዝርያ ታሪክም ከእሷ ጋር ተያይዞ ይነገራል።

ዙላ የዝርያው እናት ስለመሆኗ ግን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አልተገኘም። በኔዘርላንድስ የላይደን ሙዚየም ውስጥ ይህንኑ ዝርያ የምትመስል፣ ቆዳዋ ተሞልቶ የተቀመጠ ድመት አለች። ወደ ሙዚየሙ የገባችው በ1830ዎቹ፣ ከመቅደላ ጦርነት ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድማ ሲሆን፣ መለያዋም የሕንድ የቤት ድመት ናት ይላል። የዘረመል ጥናቶችም ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ያመለክታሉ። ሰዎች ድመቷ የተገኘችበትን ቦታ የዘሯ አገር አድርገው ወሰዱት፤ ስሙም በዚያው ጸንቶ ቀረ። እኛም በጎረቤት አጥር ዘላ የገባችን ድመት "የእነ እገሌ ናት፣ እነሱ ናቸው ያስራቧት" ብለን ከመፍረዳችን በፊት ይህን ብናስታውስ ከጎረቤት አንቀያየምም።

ለፈራች ድመት የሚበጀው ታሪኳን መገመት ሳይሆን ጊዜ መስጠት ነው። ልጆች እንዳያባርሯት፣ ከተደበቀችበትም ጎትተው እንዳያወጧት ንገሯቸው። አሮጌ ካርቶን ጥግ ላይ አስቀምጡላት። ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ዓይናችሁን ቀስ ብላችሁ ጨፈን ከፈት አድርጉላት። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳሳዩት፣ ድመቶች እንዲህ ወዳደረገላቸው እንግዳ ሰው የመቅረብ ዝንባሌያቸው ይጨምራል።

"ድመት የምትወደው ቤቱን እንጂ ሰውን አይደለም" የሚሉ አሉ። በአሜሪካ ኦሪገን እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ከተፈተኑት ትልልቅ ድመቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ አሳዳጊያቸው ለጥቂት ደቂቃ ወጥቶ ሲመለስ ተረጋግተዋል፤ ይህም ሰውየውን መተማመኛቸው እንዳደረጉት ምልክት ነው። ትልቅ ድመትም ሰው ትወዳለች።

መጀመሪያ ባለቤቷን እንፈልግ

አምቦ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ ተከራይ ይገባል፣ ተከራይ ይወጣል። የቤት ዕቃ አይሱዙ ላይ ሲጫን ድመቷ ጣሪያ ላይ ወይም አደን ላይ ትሆናለች። ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነው። አንዳንዷ ደግሞ ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩ አዛውንት ሲያርፉ፣ ለቀስተኛው ሲበተን፣ የሚያስታውሳት ጠፍቶ የወጣች ናት። ስለዚህ ስም ከማውጣታችን በፊት ሰፈሩን እንጠይቅ። እድር ላይ፣ ወፍጮ ቤት፣ ሱቅ ደጃፍ "ድመት የጠፋበት አለ?" ማለት ምንም አያስወጣም። እየፈለጋት የሚያለቅስ ልጅ በሁለተኛው ቅያስ ሊኖር ይችላል።

የጤናውን ጉዳይ ደግሞ ለነገ አንበለው። ድመትም የእብድ ውሻ በሽታን ታስተላልፋለች። በሽታው ከተያዘች በኋላ እስኪታይባት ሳምንታት ወይም ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ ጤነኛ መምሰሏ ዋስትና አይሆንም። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ድመቷንም ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ወስዶ ማስመርመርና ማስከተብ ይገባል። በቤቱ ነፍሰ ጡር ካለች የድመቷን ዓይነ ምድር ሌላ ሰው በየቀኑ ይጥረገው፤ ለጽንስ የሚያሰጋ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላልና።

አያቶች ለእንግዳ ድመት ቶሎ የሚያቀርቡት ወተት ነው። ብዙ ትልልቅ ድመቶች ግን የወተትን ስኳር መፍጨት ስለማይችሉ ተቅማጥ ይይዛቸዋል። ንጹሕ ውኃ ይሻላል። ድመት አትጾምም፤ ተፈጥሮዋ ሥጋ በል ስለሆነ በእንጀራና በሽሮ ብቻ ጤናዋ አይጠበቅም። የሥጋ ቁርጥራጭ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ማከል ያስፈልጋል።

እኛም ነገ የእሷ ድሮ እንሆናለን

ቤት ውስጥ በደንብ የተያዘች ድመት 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ትችላለች። በዚህ ጊዜ ውስጥ ልጆች አድገው ከቤት ይወጣሉ፣ ቤት ይቀየራል፣ ሽማግሌዎችም ያልፋሉ። ያን ጊዜ ድመቷ እንደገና የሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጣ "ሚያው" ትላለች። ሌላ ልጅም "ይቺ ድመት ድሮ የት ነበረች?" ብሎ ይጠይቃል። ድሮ የሚለው እኛን ነው።

ወደ እኛ ስትመጣ ታሪኳን የነገረን አልነበረም። ወደ ሌላ ቤት ስትሄድ ግን የሚነገር ታሪክ እንዲኖራት ማድረግ በእጃችን ነው። ማንበብና መጻፍ የሚችለው የልጅ ልጅ በአሮጌ ደብተሩ አንድ ገጽ ላይ ይጻፈው። ስሟ ማን ነው? በየትኛው ቋንቋ ስትጠራ ትመጣለች? መቼ መጣች? መቼ ተከተበች? ምን ትበላለች፣ ምን ትፈራለች? የት መተኛት ትወዳለች? ከጎረቤትም አንድ ሰው፣ "እኛ ባንኖር አንተ ውሰዳት" ተብሎ ከወዲሁ ይነገረው። አያት ለልጅ ልጃቸው አደራ ብለው ከሚተዉት ነገር መካከል ይህ ትንሹ ነው፤ ለድመቷ ግን ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት የሚያሻግራት እሱ ነው።

ከእኛ በፊት የነበረው ሰው ይህን አላደረገም ብለን አንፍረድበት፤ ጊዜ አላገኘም ይሆናል። እኛ ግን ጊዜው አለን። ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ፣ ድመቷ በቦታዋ እንዳለች፣ ደብተሩ ይምጣ።