የታክሲው ስቲከርና የሕመም ዋጋ

ነገ ጠዋት ካዛንቺስ ታክሲ ሲጠብቁ የሚመጣውን ሚኒባስ የፊት መስታወት ልብ ብለው ይዩት። ከተለጠፉት ወረቀቶች አንዱ የሦስተኛ ወገን መድን ስቲከር ነው። ሦስተኛው ወገን እርስዎ ነዎት፤ ዜብራ የሚሻገሩት፣ ጥግ ይዘው የሚሄዱት።

ውሉን አልፈረሙም፣ አረቦኑንም አልከፈሉም። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ግን ባለ መኪና ይህን መድን ሳይገባ መንገድ እንዳይወጣ ያስገድዳል፤ ገጭቶ ባመለጠ መኪና ለተጎዳ ሰው ሳይቀር የመድን ፈንድ አለ። አዋጁ ሲወጣ ለተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር ፈቅዶ ነበር።

ከስቲከሩ ጀርባ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ። ለእግረኛ ትልቁ ጋሻ አንቀጽ 2081 ይመስለኛል። ሹፌሩ ሲከንፍ ነበር፣ ፍሬን አልያዘም እያሉ ማስረዳት አይጠበቅብዎትም፤ መኪናው እንደጎዳዎት ካስረዱ ባለቤቱ ይጠየቃል፣ የነዳው ሰው ያለ ፈቃዱ ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ የሚያመልጠው መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ነው፤ ጥፋቱ የተጎጂው ከሆነም ኃላፊነቱ ይቀንሳል ወይም ይቀራል። (ተሳፋሪ ከነበሩ ጉዳዩ በማጓጓዣ ውል ስለሚታይ መንገዱ ሌላ ነው።)

ስንት ይከፈላል? ሕጉ ካሳውን በሁለት ዕቃ ይሰፍራል፤ አንዱ ጋን፣ ሌላው ስኒ ነው።

ጋኑ ለገንዘብ ጉዳት ነው፦ ለሕክምና፣ ለመድኃኒት፣ ለቀረ ገቢ። በአንቀጽ 2091 መሠረት ካሳው በጉዳቱ ልክ ነው፤ ወደፊት መድረሱ የማይቀር ጉዳትም ይታሰባል። ልኩ በትክክል ካልታወቀ ደግሞ አንቀጽ 2102 ዳኛው በርትዕ እንዲቆርጥ ይፈቅድለታል።

ስኒው ለሕመሙ፣ ለጭንቀቱ፣ እንቅልፍ ላጣንበት ሌሊት ነው። ሕጉ የኅሊና ጉዳት ይለዋል፣ እኛ የሞራል ካሳ እንለዋለን። አንቀጽ 2116 ጣሪያውን 1,000 ብር ላይ ቆርጦታል።

ይህን ቁጥር በእጅዎ ይመዝኑት። ሕጉ ሲወጣ አንድ ብር በይፋ ከ0.35 ግራም በላይ ንጹሕ ወርቅ ያወጣ ነበር፤ ስለዚህ 1,000 ብር ከ350 ግራም ወርቅ በላይ ነበር። ዛሬ ወርቅ ቤት ጎራ ብለው በ1,000 ብር ስንት ግራም እንደሚሰጡዎት ይጠይቁ። አንድ ግራም አይሞላም። የ1952 ሕግ አውጪ ለሕመም ንቀት አልነበረውም፤ ቁጥሩን በሕጉ ውስጥ ቸንክሮ መሄዱ ግን ዛሬ ተጎጂውን ይበድላል። ይህ ጣሪያ መነሳት አለበት ብዬ አምናለሁ።

እስከዚያው ብልሃቱ ስኒ ውስጥ የገባ የሚመስለውን ወደ ጋኑ ማሻገር ነው። ቤትዎ ይሞክሩት፦ ቀኝ እጅዎን በነጠላ ከደረትዎ ጋር አስረው ቡና ለማፍላት ይነሱ። ቡናውን ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ጀበናውን አንስቶ መቅዳት። ያቃተዎትን ሁሉ በግራ እጅዎ፣ እንደምንም፣ ይጻፉ።

አሁን እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ የቂርቆስ እናት አንጓዋ ተሰብሮ አስቧት። የምጣዱን አክንባሎ ማንሳት አልቻለችም። «እጄን ያመኛል» ካለች ንግግሯ ስኒው ውስጥ ይገባል። «ስድስት ሳምንት አልጋገርኩም፣ በቀን ይህን ያህል እንጀራ እሸጥ ነበር፣ ጋጋሪ ቀጥሬ ይህን ከፈልኩ» ካለች ግን ያው ሕመም ጋኑን ይሞላል።

የጉዳቱን ልክ የማስረዳቱ ሸክም ግን የተጎጂው ነው። ክሱ ቂርቆስ ምድብ ችሎት ቢቀርብ ዳኛው የሚያየው ወረቀት ነው፦ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የጋጋሪዋ ክፍያ የሰፈረበት ደብተር። ሐኪሙ የአጥንቱን ስብራት ብቻ ሳይሆን እጁ ምን መሥራት እንዳቃተውና እስከ መቼ እንደሚቸገር እንዲጽፍ ይጠይቁት። ጉዳቱ የሚዘልቅ ከሆነ የሕክምና ቦርድ የሚሰጠው የመቶኛ ውሳኔ የወደፊቱን ገቢ ለማስላት መነሻ ይሆናል።

ደብተሩን አደጋው በደረሰ ሳምንት ይጀምሩት፤ በአንቀጽ 2143 መሠረት ክሱ መቅረብ ያለበት ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። አድራጎቱ ይርጋው የሚረዝም ወንጀል ከሆነ ብቻ ጊዜው በዚያው ልክ ይራዘማል።