የአደራው ዓሣ አፉን ሲከፍት…

ሰሞኑን ዊንጌት አካባቢ የምትኖር አንዲት ወጣት «ጉድ ሆኛለሁ፣ አንድ በይኝ» ብላ መጣችብኝ። እኔ እንኳ የተለመደውን የፍቅር ጣጣ ነበር የጠበቅኩት። ነገሩ ግን የፍቅርም የዓሣም ሆኖ ተገኘ።

እጮኛዋ ለሥራ ዱባይ ከሄደ ስምንት ወሩ ነው። ሲሄድ ሦስት ወርቃማ ዓሦቹን ከነመስታወት ሳጥናቸው «አደራ!» ብሎ ሰጣት። እሁድ እሁድ በኢሞ ሲደውል ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው እነሱን ነው። አንዴማ ዱባይ ሞል ውስጥ ካለው ግዙፍ አኳሪየም ፊት ፎቶ ተነስቶ «የኛዎቹ ዘመዶች» ብሎ ልኮላታል። ታዲያ ከሦስቱ ሁለቱ ሞቱ! የቀረው አንዱ ደግሞ ውሃው ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል… «እስቲ አሳዪኝ» ሲላት «መብራት ጠፍቷል» ትለዋለች። ሦስት እሁድ ሙሉ መብራት ጠፋ! /ደግነቱ እኛ አገር መብራት ጠፋ ሲባል የሚጠራጠር የለም።/

«ምን አጠፋሁ? ከኔ በላይ ማን ያጸዳላቸዋል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያው ነው። ቀደም ሲል ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ከበርሜል እየቀዳች ትንሽ ትንሽ ነበር የምትቀይርላቸው። ያኔ ደህና ነበሩ። በኋላ እናቷ «ቤቱ ዓሣ ዓሣ ሸተተ» ሲሉ ጽዳቱ ተጀመረ። ውሃው ሙልጭ ብሎ ይደፋል፣ ጠጠሩና የማጣሪያው ስፖንጅ በዱቄት ሳሙና ታሽቶ በበረኪና ይታጠባል፣ ከዚያ የቧንቧ ውሃ በቀጥታ ይሞላል። የመጀመሪያው ዓሣ የሞተው እንዲህ በታጠበ በሁለተኛው ቀን ነው። ሁለተኛውም በሌላው ቅዳሜ እንደዚሁ።

ለመሆኑ በጽዳት ይሞታል እንዴ? አዎ! የቧንቧ ውሃ ለኛ ጤና ሲባል ክሎሪን ይገባበታል፤ ያው ክሎሪን ግን የዓሣን መተንፈሻ ይለበልባል። ሁለተኛው ነገር ደግሞ በዓይን አይታይም። ዓሣ የሚኖረው በራሱ ቆሻሻ ውስጥ ነው። ከሰውነቱ የሚወጣውና የተረፈው ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚቀይሩት በስፖንጁና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እህታችን በየቅዳሜው በበረኪና የጨረሰችው እነዚህን ሠራተኞች ነው። እንደገና እስኪራቡ ሳምንታት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ከወር ያልፋል። ባሕር ማዶ ኮራል በቤቱ የሚያሳድግ ሰው እንኳ ኮራሉ ሲነጣበት አስቀድሞ የሚመረምረው ውሃውን ነው።

የኛ ከተማ ደግሞ የራሷ ችግር አላት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ዊንጌት ደግሞ ወደ እንጦጦ ግርጌ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ እዚህ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በእኩል ሙቀት ባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ አፉ ጠባብ የሆነውን ያንን ክብ ብርጭቆ ለዓሣ አትግዙ! ለጌጥ ያምራል፣ ዓሣውን ግን ያፍናል። አፈ ሰፊ ይሁን። መብራት ጠፍቶ የአየር መንፊያው ሞተር ሲቆም ደግሞ በኩባያ እየቀዱ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዙት ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ነው፤ አየር ያስገባል።

ልጅቷ ቴትራሳይክሊን ፈትታ ልትበትንበት ስትል ደረስኩባት። የሰው መድኃኒት በግምት አይሰጥም፤ የቀሩትንም ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሊፈጅ ይችላል። ያደረግነው ይኸው ነው፦ ከቧንቧ የቀዳነውን ውሃ በሰፊ ባልዲ ክዳን ሳናደርግበት አንድ ቀን ሙሉ አሳደርነው። ከዚያ ከሳጥኑ ሩቡን ብቻ ቀድተን በዚህ ተካነው፤ ቅዝቃዜው እኩል መሆኑን በእጃችን ዳስሰን። ይህንኑ በየሁለት ቀኑ ቀጠለች። ስፖንጁ ሲቆሽሽ የሚጠበው ከሳጥኑ በወጣው አሮጌ ውሃ ብቻ ነው፤ ሳሙና በአጠገቡ አይለፍ! ምግብ ለሦስት ቀን ተከለከለ። «በረሃብ ይሙት?» ብላ አኮረፈችኝ። ወርቃማ ዓሣ በሦስት ቀን ፆም አይሞትም። ከዚያ በኋላ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰውን ያህል። ታናሽ ወንድሟ የሚጥልለት የዳቦ ፍርፋሪም ቀረ።

በስድስተኛው ቀን ዓሣው ወደ ታች ወርዶ ጠጠሩን መቆርቆር ጀመረ።

የሚቀረው የእሁዱ ስልክ ነበር። «እንግዲህ መብራቱ ይምጣ» አልኳት። ስልኩን ወደ ሳጥኑ አዙራ «አንድ ብቻ ነው የቀረው፣ ሦስት ሳምንት ዋሽቼሃለሁ» አለችው። ዝም አለ… ዝም አለ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሏት ነበር።

በመጨረሻ «ሲጀመር እኮ አራት ነበሩ» አለ። «አራተኛውን እኔ ነኝ የገደልኩት። ከገዛሁበት በፌስታል አምጥቼ በቀጥታ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ዘረገፍኩት። አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ።»