የሳቢያን ውሃና የወባ ትንኝ

ከሳቢያን ምድር ተቆፍሮ የሚወጣው ውሃ የድሬዳዋን ሕዝብ ከሚያጠጡት ዋነኛው ነው። ሕዝቡም ውሃው የቀረ እንደ ሆነ እንዳይቸገር በበርሜልና በጋን ያጠራቅመዋል። ይህ የቤት ጥንቃቄ መልካም ሲሆን፥ ክዳን በጐደለው ጊዜ ግን ለወባ ትንኝ መራቢያ እንደሚሆን ሊቃውንት መርምረው ገልጠዋልና፥ ነገሩን ለቤተ ሰብ አባትና እናት ማስታወቅ ተገቢ መስሎናል።

ምርመራውን ያደረጉት በአዲስ አበባ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ሊቅ ዶክተር ፍጹም ታደሰና ባልንጀሮቻቸው ናቸው። ጽሑፋቸውም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2023 ዓመት ኔቸር ሜዲሲን በሚባለው መጽሔት ታተመ። እኛም አንባቢ ሊጠይቃቸው የሚወደውን አስበን፥ መልሱን ከሥራቸው አውጥተናል።

ምርመራው ስለ ምን ተደረገ? በድሬዳዋ በ2019 ዓመት የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 205 ነበሩ፤ በ2022 ግን ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ብቻ ከ2,400 በለጡ። ይህም መብዛት በደረቁ ወራት መጀመሩ ሊቃውንቱን አስደነቀ።

ጥፋቱ የማን ነው? አኖፌሌስ ስቴፌንሲ የምትባል፥ ከሕንድና ከፋርስ ወገን የመጣች ትንኝ ናት። በ2012 በጅቡቲ፥ በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኝታ ነበር። በድሬዳዋ ከተያዙት ጎልማሳ የወባ ትንኞች ከመቶው 97ቱ የርሷ ወገን ሆኑ፤ የወባ ተሕዋስያን የተገኘባቸውም እነዚሁ ብቻ ናቸው።

ከቀድሞዋ በምን ትለያለች? ነባሪቱ የወባ ትንኝ ዝናብ ያቈረውን ውሃና ረግረግ ትፈልጋለች፤ ይህች ግን በከተማ መካከል፥ ሰው ባጠራቀመው ንጹሕ ውሃ ትፈለፈላለች። ስለዚህ ክረምትን አትጠብቅም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በርሜሉና ጋኑ ትንኝ በማያስገባ ክዳን ይከደን። እንቍላሏ ጎልማሳ ትንኝ እስኪሆን አንድ ሳምንት ወይም ጥቂት ቢበልጥ ነውና፥ ዕቃው በየሳምንቱ ተገልብጦ ውስጡ ይታጠብ። ሕፃናትና እርጉዞች በአጎበር ይተኙ። ትኩሳት የያዘው ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ።

ትንኝ የአጥር ወሰን አታውቅምና የአንዱ ቤት ቸልተኝነት ለጎረቤቱ ልጅ ሕመም ይሆናል። ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ በእናቶች ላይ መጣል ፍርድ አይደለም፤ ሰው ውሃ የሚያጠራቅመው ነገ እንዳይቀርበት ሠግቶ ነው። ውሃ ሳይቋረጥ እንዲደርስ የሚያደርግ ሹም በርሜሉን ከቤት ያስወጣል፤ ከበርሜሉም ጋራ ወባን።