ሳይዘጋ የሚዘጋ አንጀት

በቀዶ ጥገና የወለደች እናት ወይም የዳሌ አጥንቱ ተሰብሮ የታከመ ሽማግሌ፣ ቁስሉ እየዳነ ሳለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ነፋሱም ሰገራውም ቆሞ፣ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠረጥረው አንጀቱ መዘጋቱን ወይም መጠምዘዙን ነው፤ የአንጀት መጠምዘዝም በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚታይ ደዌ ስለ ሆነ ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ምንም የዘጋው ነገር ሳይኖር፣ ትልቁ አንጀት የሚያዝዘው ነርቭ ሥርዓቱ ታውኮ መንቀሳቀስ የሚተውበት ጊዜ አለ። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ሰር ዊልያም ሄኔጅ ኦጊልቪ በ1948 እ.ኤ.አ. ይህን በሁለት ሕመምተኞች ላይ አይተው ስለ ጻፉ፣ ደዌው እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

አደጋው ያለው ትርፍ አንጀት በተንጠለጠለበት፣ የትልቁ አንጀት መነሻ በሆነው ከረጢት ላይ ነው፤ ከሌላው ክፍል ይልቅ ሰፊ በመሆኑ፣ የውስጡ ግፊት በሁሉም እኩል ሆኖ ሳለ የግድግዳው ውጥረት በእርሱ ይበረታል፣ ደምም ይነፈገዋል። ስፋቱ በራጅ ከ12 ሳንቲ ሜትር በላይ ሆኖ ሲታይ፣ ይልቁንም ቀናት ሲቆይ፣ መበሳት ያሰጋል።

ሆኖም ቢላዋ የመጀመሪያው መድኃኒት አይደለም። አንጀቱ ካልተበሳና ካልሞተ፣ ምግብ ከአፍ ተከልክሎ፣ በአፍንጫ ቱቦ ገብቶ፣ የጎደለው ፖታሲየም በደም ሥር ተተክቶ፣ አንጀት የሚያደነዝዘው እንደ ሞርፊን ያለው ማስታገሻ ተቀንሶ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን በጥብቅ ክትትል ይጠበቃል። ይህ ካልረዳ ኒዮስቲግሚን የተባለ መድኃኒት ይሰጣል፤ በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት መድኃኒቱ ከተሰጣቸው 11 ሕመምተኞች 10ሩ ወዲያው ሆዳቸው ሲተነፍስላቸው፣ መድኃኒት በሌለበት አምሳያ ፈሳሽ ከተሞከሩት 10 ሰዎች ግን አንድም አልተሻለውም። መድኃኒቱ የልብን ምት ስለሚያዘገይ፣ ምቱን የሚመልሰው አትሮፒን ሳይዘጋጅ፣ ልብ የሚከታተል መሣሪያም ሳይኖር መስጠት ድፍረት ነው። እርሱም ካልሠራ፣ በፊንጢጣ በሚገባ መመልከቻ ቱቦ (ኮሎኖስኮፒ) ነፋሱ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ሲያቅት ወይም ሆድ ዕቃው መቆጣቱ ሲታወቅ ግን መዘግየት ኃጢአት ነው። አንጀቱ ሕያው ከሆነ ከረጢቱ በሆድ ግድግዳ በኩል በቱቦ ይተነፍሳል፤ ጠቁሮ ወይም ተበስቶ ከተገኘ ግን ቀኝ እኩሌታው ተቆርጦ ይወጣል፣ በተመረዘ ሆድ ውስጥ ስፌት ስለማይታመንም ጫፉ ብዙ ጊዜ በሆድ ላይ ተከፍቶ ሕመምተኛው ለጊዜው ከሆድ ውጭ በሚለጠፍ ከረጢት ይጸዳዳል።

ስለዚህ አስታማሚዎች ሆይ፣ አራሲቱ ሆዷ ተነፍቶ ነፋስ አልወጣላትም ስትል፣ ገንፎውን ወደ ጎን አድርጋችሁ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም ከደጅ ሳትገዙ፣ በዚያው ሰዓት ነርሷን ጥሩ።