ከጕረሮ ሕመም በኋላ ስለሚመጣው የልብ መቈጣት

አንድ የትምህርት ቤት ልጅ ጕረሮውን ታሞ የሰነበተ እንደ ሆነ፥ ብዙዎች «እንጥሉ ወረደ» ብለው ወደ ቈራጭ ይወስዱታል። መቍረጡ ግን ደም ከማፍሰስና ቍስል ከማመርቀዝ በቀር ጥቅም የለውም፤ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ጀርም በምላጭ አይወጣምና። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ቢሰጠው ግን ከዚህ በታች የምንናገረውን መከራ መከላከል ይቻላል።

ጕረሮው ዳነ ከተባለ ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ፥ ሰውነት ጀርሙን ለመዋጋት ያሰናዳው ኃይል ተሳስቶ የገዛ አካሉን ያጠቃል። ትኩሳት ይነሣል፤ ጕልበትና ቍርጭምጭሚት ያብጣሉ፤ በብዙዎችም ላይ የልብ ሥጋና ቫልቭ የሚባሉት የልብ በሮች ይቈጣሉ። ትንፋሽ ያጠረው፥ ተንጋሎ መተኛት ያቃተው፥ እግሩ ያበጠ ልጅ ለነገ ሳይባል ሐኪም ቤት ይግባ።

በዚያም አልጋ ላይ ያርፋል፤ የቀረውን ጀርም ለማጥፋት ፔኒሲሊን፥ ለመጋጠሚያው ሕመም አስፒሪን፥ ልቡ ለደከመም ውሃን በሽንት የሚያስወጣ መድኀኒት ይታዘዝለታል። መቈጣቱ እጅግ ለበረታበት ፕሬድኒሶሎን ይሰጣል፤ ሆኖም ይህ መድኀኒት የጊዜውን ጭንቅ ቢያቃልል እንጂ በሮቹን ከዘላቂ ጕዳት ማዳኑ አልተረጋገጠም።

ስለዚህ ዋናው ሕክምና ልጁ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው ብንል አናጋንንም። ጕረሮው በዚያው ጀርም እንደ ገና ቢያዝ ልቡም ዳግመኛ ሊቈጣ ስለሚችል፥ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባለውን መርፌ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መወጋት አለበት። ልቡ የተነካ ልጅ ቢያንስ 10 ዓመት ይወጋል፤ የልቡ በር ተጎድቶ የቀረበትም እስከ 40 ዓመት ዕድሜው፥ አንዳንዱም ዕድሜ ልኩን። መርፌው ያማል፤ ልጁም ሲሮጥ ሲጫወት ጤነኛ ይመስላል፤ ወላጆችም «ድኗል» ብለው ያቋርጡታል። ከሁሉ የምንፈራው ይህን ነው።

በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የአሜሪካ የልብ ማኅበር፥ በሩ ክፉኛ ለተጎዳ ወይም ልቡ ለደከመ በሽተኛ በመርፌ ፈንታ የሚዋጥ ፔኒሲሊን እንዲታሰብለት መክሯል። ይህም በሐኪም ይወሰናል እንጂ የፈራ ወላጅ በገዛ ፈቃዱ መርፌውን ይተው ማለት አይደለም።

መምህራን ሆይ፥ እንዲህ ያለ ልጅ በክፍላችሁ ቢኖር የመርፌውን ቀን ከወላጆቹ ጠይቃችሁ በመዝገብ ጻፉ፤ በዚያ ቀን ቢቀር እንደ ሰነፍ አትቍጠሩት፤ ሲሮጥ ትንፋሽ ቢያጥረውም አታስገድዱት፤ ለወላጆቹ ዕለቱን አስታውቁ።